ከአንጎሉ በፊት የመሰከረ ወረቀት፦ የማይክ ዌብስተር ጉዳይ

በአሜሪካ ፉትቦል ኳሷን በእያንዳንዱ ማጥቃት ከማንም ቀድሞ የሚነካት ተጫዋች ሴንተር ይባላል። የሚያየው ግን የለም። አጎንብሶ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ማጥቃቱን ለሚመራው ተጫዋች፣ ለኳርተርባኩ፣ ያቀብላል፤ ካሜራው ኳሷን ተከትሎ ይሄዳል። ሴንተሩ በዚያችው ቅጽበት ከፊቱ ከተደቀነ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ጋር ግንባር ለግንባር ይላተማል። ከመሬት ይነሣል፣ ተመልሶ ያጎነብሳል፣ እንደገና ይላተማል። በአንድ ጨዋታ ይህ ስድሳ ጊዜ ያህል ይደገማል። የሳምንቱ ልምምድ ሲጨመርበት ደግሞ ቁጥሩን መያዝ ያስቸግራል።

ማይክ ዌብስተር በዚህ ሥራ በኤንኤፍኤል፣ በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ 17 የውድድር ዘመን ቆየ። የሞተው በ50 ዓመቱ ነው። በሕይወት ሳለ የአራት ሱፐር ቦውል (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ባለድል ተብሎ ይወራለት ነበር፤ ዛሬ ስሙ የሚነሣው በአንጎሉ ምክንያት ነው። እኔ ግን ይህን ጉዳይ የምጽፈው ከአንጎሉ ይልቅ በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው። እዚያ እስክንደርስ ትንሽ መንገድ አለ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ፉትቦል ስልም በእጅ የሚያዘውንና በራስ ቁር የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው።

ከድንች እርሻ እስከ ፒትስበርግ

ዌብስተር በ1952 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ቶማሃውክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ድንች ገበሬ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ጥሩ ስም ቢያተርፍም የፕሮፌሽናል ክለብ መልማዮች ለቦታው ትንሽ ነው አሉት። በ1974ቱ የተጫዋቾች ምርጫ ፒትስበርግ ስቲለርስ የወሰደው በአምስተኛው ዙር፣ በ125ኛ ተራ ነው። በዚያው ምርጫ ሊን ስዋንን፣ ጃክ ላምበርትንና ጆን ስታልወርዝን አገኘ። አራቱም በኋላ የዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል፤ አንድ ክለብ በአንድ ምርጫ እንዲህ ሲቀናው ከዚያ በፊትም በኋላም አልታየም።

ያነሰውን አካል በክብደት ማንሣት ሞላው። በ1976 የሴንተርነቱን ቦታ ለብቻው ያዘ፤ ከዚያ በ1986 ክርኑ እስኪወልቅ ድረስ አንድም ጨዋታ ሳይቋረጥ አሥር ዓመት ተሰለፈ። ፒትስበርግ የብረት ከተማ ናት፤ በእነዚያ ዓመታት ፋብሪካዎቿ አንድ በአንድ እየተዘጉ ነበር። ሕዝቡ የቀረው መኩሪያ ክለቡ ብቻ በሆነበት ጊዜ፣ በዲሴምበር ውርጭ እጅጌውን እስከ ትከሻው ጠቅልሎ ክንዱን ራቁቱን የሚወጣ ሰው መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ያያሉ። "ብረቱ ማይክ" አሉት። በ1974፣ በ1975፣ በ1978 እና በ1979 የውድድር ዘመናት ሱፐር ቦውል አነሣ። ዘጠኝ ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። ሊጉ 75ኛ ዓመቱን ሲያከብር ባወጣው የምንጊዜም ምርጥ ቡድን ውስጥ ስሙ አለ።

ከ1988 በኋላ ስቲለርስ ለቀቀው። ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ የመስመር ተጫዋቾች አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠረው፤ ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኙ ራሱ መለያ ለብሶ ሴንተር ሆነ። ሁለት ዓመት ተጫውቶ በ1990 መጨረሻ አቆመ፤ በጠቅላላው 245 ጨዋታ።

ስለ ጭንቅላቱ እናውራ። የራስ ቁር የተሠራው የራስ ቅል እንዳይሰበር ነው፤ ለዚያም በደንብ ይሠራል። አንጎል ግን በቅሉ ውስጥ ፈሳሽ ላይ ነው ያለው። ጭንቅላት በድንገት ሲቆም አንጎል አይቆምም፤ ወደ ፊት ሄዶ ይመለሳል፣ ይጠማዘዛል፤ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ። ቁሩ ይህን አያስቀርም። እንዲያውም ተጫዋቹ ምንም እንደማይሆን ተሰምቶት ራሱን እንደ መዶሻ እንዲጠቀምበት ያደፋፍረዋል። ዌብስተር በጀመረበት ዘመን ደግሞ ተከላካዩ የሴንተሩን ጭንቅላት ከጎን በመዳፉ እንዲያጮል ይፈቀድለት ነበር፤ ይህ የተከለከለው በ1977 ነው። ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ሁሉም ያየዋል፣ ሐኪም ይሮጣል። ሴንተርን የሚጎዳው ግን እንዲህ ያለው አይደለም። ማንም ልብ የማይለው፣ ተጫዋቹም ራሱ የማይቆጥረው፣ ጠብ እያለ ድንጋይ እንደሚቦረቡር ውኃ ያለ ትንሽ ትንሽ ምት ነው።

መኪና ውስጥ የሚያድር ባለዝና

ጨዋታውን ካቆመ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ከባድ ነው፤ ሕይወቱ ራሱ ቅደም ተከተል አጥቶ ነበርና። ገንዘቡ በማይረቡ ኢንቨስትመንቶች አለቀ። ትዳሩ ፈረሰ። የሚያውቀው መንገድ ይጠፋበት ጀመር። አንዳንዴ በፒካፕ መኪናው፣ አንዳንዴ በፒትስበርግ ባቡር ጣቢያ ያድራል። የድሮ ጓደኞቹና የክለቡ ሰዎች ሆቴል ይይዙለታል፤ ሲመለሱ የለም። የወለቁ ጥርሶቹን በሱፐር ግሉ መልሶ ይለጥፋል። እንቅልፍ ሲነሣው በኤሌክትሪክ ማደንዘዣ ሽጉጥ ራሱን አስመትቶ ይተኛል። ይህን የመሰከሩት አብረውት የነበሩት ልጁና ወዳጆቹ ናቸው። ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ፒትስበርግ መጥቶ አባቱን እንደ ሕፃን ይጠብቅ ነበር።

ደብዳቤ ይጽፋል፤ ማስታወሻ ደብተር በደብተር ላይ። አንድ ዓረፍተ ነገር ደህና ይጀምርና መሀሉ ላይ ሌላ ይሆናል። ሐሳቡን የሚሰበስብለት ሪታሊን የሚባለው መድኃኒት ብቻ ነበር። በ1999 መጀመሪያ የሪታሊን ማዘዣ ወረቀት አስመስሎ ጽፏል ተብሎ ተያዘ፤ ክሱን ሳይከራከር ተቀብሎ በገደብ ተለቀቀ። ጋዜጦች የጻፉት ስለ ወደቀ ጀግና ነው። ወድቆ ነበር፣ ውሸት አይደለም። ምን እንደጣለው ግን የጠየቀ ጥቂት ነበር።

በዚህ መሀል አንድ ብሩህ ቀን አለ፤ ካየሁት ቪዲዮ ሁሉ ይቺ አትረሳኝም። ጁላይ 1997፣ ካንተን፣ ኦሃዮ። ዌብስተር የዝነኞች አዳራሽ ሊገባ ነው፤ መድረክ ላይ የሚያስተዋውቀው የድሮው ኳርተርባክ ቴሪ ብራድሾ ነው። ብራድሾ ሞቅ ያለ ሰው ነው፤ ተናግሮ ተናግሮ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ድሮው ኳስ እንዲያቀብለው ለመነው። ኳስ ተገኘ። ዌብስተር በሙሉ ልብሱ አጎነበሰ፣ ብራድሾ ከኋላው ቆመ፣ ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ አለፈች። ሕዝቡ ጮኸ። ያ አካል የለመደውን አልረሳም ነበር። ከዚያ ዌብስተር ንግግሩን ጀመረ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው እየተንከራተተ። ጨዋታውን ያላቋረጠ እንዳሸነፈ ይቆጠራል የሚል ነገር መሀል ላይ አለው። ጓደኞቹ ፊት ላይ ፈገግታ አለ፣ ፈገግታው ግን ደረቅ ነው። የሚሰማው ሰው ነገሩ ደህና እንዳልሆነ በአምስት ደቂቃ ይገባዋል።

ወረቀቱ

የዌብስተርን ጉዳይ የያዘው ቦብ ፊትዝሲመንስ የሚባል የዌስት ቨርጂኒያ ጠበቃ ነው። በ1999 ለሊጉ የተጫዋቾች ጡረታ ቦርድ ማመልከቻ አስገባ። ቦርዱ ድምፅ የሚሰጡ ስድስት አባላት አሉት፤ ሦስቱ በክለብ ባለቤቶች፣ ሦስቱ በተጫዋቾች ማኅበር የሚወከሉ። ማመልከቻው የሐኪሞች ሪፖርት ተያይዞበታል። ቦርዱ በበኩሉ የራሱን ሐኪም መርጦ ዌብስተርን አስመረመረ፤ ያ ሐኪም የተለየ ነገር አላገኘም፣ ከሌሎቹ ጋር ተስማማ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ቦርዱ ወሰነ፤ ወረቀቱ የምለው ይህን ውሳኔ ነው። ዌብስተር ሙሉ በሙሉና በዘላቂነት መሥራት የማይችል ነው፤ ይህም የመጣው ፉትቦል ሲጫወት ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ነው። ይህ ጥርጣሬ የለበትም፤ የሊጉ ሰዎች ያሉበት ቦርድ አምኖ የተቀበለው ነው።

ታዲያ ጠቡ ምን ላይ ነበር? ቀን ላይ። ፈንዱ ካሳውን በደረጃ ይከፍላል፦ ጉዳቱ ተጫዋቹን ገና ከሜዳ ሳይርቅ ሥራ ያስፈታው ከሆነ ከፍተኛው ይከፈለዋል፤ ቆይቶ ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ዝቅ ያለው። ፊትዝሲመንስ ዌብስተር መሥራት ያቃተው ከ1991 ጀምሮ ነው አለ፣ ሐኪሞቹም እንደዚያው። ቦርዱ አይደለም፣ ዘግይቶ ነው የመጣው ብሎ ዝቅ ያለውን ሰጠው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሌላ ነገር ላንሣ። ሊጉ ከ1994 ጀምሮ የአንጎል መናወጥን የሚያጠና የራሱ ኮሚቴ ነበረው። ሊቀ መንበሩ ኤሊየት ፔልማን ሐኪም ናቸው፤ ሙያቸው ግን የመገጣጠሚያ በሽታ ነው። ኮሚቴው ከ2003 ጀምሮ "ኒውሮሰርጀሪ" በተባለ መጽሔት ላይ ጥናት በጥናት ላይ አወጣ። ከነዚያ አንዱ፣ የ2005ቱ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች በዚያው ጨዋታ ተመልሶ ቢገባ ያን ያህል አደጋ የለውም የሚል ነበር። የፉትቦል ተጫዋች በምት ብዛት ለዘለቄታው አንጎሉ ይጎዳል የሚለውን ኮሚቴው አልተቀበለም።

መጽሐፉ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል፤ ያ ግን ለምጽዋት ነው የተባለው። እዚህ አንደኛው እጅ ጭንቅላቱ የተጎዳው በጨዋታው ነው ብሎ ቼክ ይፈርማል፤ ሌላው እጅ እንዲህ ያለ ጉዳት የለም ብሎ ጥናት ያሳትማል። ሁለቱ ቢሮዎች ተነጋግረው ነው አልልም። ባይነጋገሩም ግን ወረቀቱ ነበር።

ጤነኛ የሚመስል አንጎል

ዌብስተር ሴፕቴምበር 24 ቀን 2002 ፒትስበርግ ውስጥ በልብ ድካም ሞተ። ቅዳሜ ዕለት በአሌጌኒ ካውንቲ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ተረኛው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ነበሩ። ኦማሉ ናይጄሪያዊ ናቸው፤ የተወለዱት በ1968፣ በቢያፍራ ጦርነት መሀል ነው። ፉትቦል አያውቁም። ቴሌቪዥኑ ሲያወራለት ያደረው ሰው ማን እንደሆነ ቢሮ ገብተው መጠየቅ ነበረባቸው። ይህ ጉዳይ የሚያስገርመኝ እዚህ ላይ ነው፦ ከፒትስበርግ ሰው መሀል የዌብስተርን አንጎል ያለ ፍቅርና ያለ ፍርሃት ሊያይ የሚችለው ምናልባት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የራስ ቅሉን ሲከፍቱ የጠበቁት የተጨማደደ፣ የቀጠነ አንጎል ነው፤ የቦክሰኞች አንጎል እንደዚያ ይሆናልና። ያገኙት ግን ደህና የሚመስል አንጎል ነው። መጠኑ ደህና፣ መልኩ ደህና። እዚያ ላይ መዝገቡን ዘግቶ ወደ ቤት መሄድ ይቻል ነበር፤ የሞት ምክንያት ልብ ነው፣ ተጽፏል። ኦማሉ አልዘጉም። ከአለቃቸው ፈቃድ ጠይቀው አንጎሉን ፎርማሊን ውስጥ አስቀመጡት። ሲጠጥር በስሱ እየተቆራረጠ፣ ቀለም እየተቀባ በመስታወት ላይ እንዲዘጋጅ አደረጉ፤ ለዚህ የወጣውን ገንዘብ ከራሳቸው ኪስ ከፈሉ። ሥራ ቦታ ጊዜ ሲያጥራቸው ቤታቸው በማይክሮስኮፕ ያዩ ነበር።

በማይክሮስኮፕ የታየው ታው የሚባለው ፕሮቲን ነው። ታው በጤነኛ ነርቭ ውስጥ ሥራ አለው፤ የነርቭ ክሩን ቅርጽ እንደ ምሰሶ ደግፎ ይይዛል። ክሩ ሲጎዳ ታው ከቦታው ይለቅና ይቋጠራል፤ እንደ ተተበተበ ፈትል በሴሉ ውስጥ ይከማቻል። በዌብስተር አንጎል ውስጥ እንዲህ ያሉ ጥቁር ቡናማ ቋጠሮዎች በማይጠበቁበት ቦታ ተዘርተው ነበር። የአልዛይመር ዓይነት አቀማመጥ አይደለም። የሃምሳ ዓመት ሰው አንጎልም እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ኦማሉ ለሌሎች የነርቭ ሐኪሞች አሳዩ፤ ተስማሙ። በጁላይ 2005 በዚያው "ኒውሮሰርጀሪ" መጽሔት ላይ ወጣ። ለበሽታው የሰጡት ስም፣ ዛሬ ሁሉ ሲቲኢ (በተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚመጣ የአንጎል በሽታ) የሚለው፣ እሳቸው የፈጠሩት አይደለም፤ በቦክሰኞች ላይ ከ1928 ጀምሮ ሐኪሞች የጻፉት ችግር ነው። አዲሱ ነገር በፉትቦል ተጫዋች ላይ መታየቱ ነው።

ከሊጉ ኮሚቴ ሦስት አባላት ጽሑፉ እንዲሰረዝ ለመጽሔቱ ጻፉ። መጽሔቱ አልሰረዘም። በነገራችን ላይ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ራሳቸው የኒውዮርክ ጃያንትስ ክለብ አማካሪ ነበሩ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ለመረዳት ያህል ነው።

ለኮሚቴው ፍትሐዊ ልሁንና፣ አንድ አንጎል አንድ አንጎል ነው። ዌብስተር ልቡ ታማሚ ነበር፣ መድኃኒት ያበዛ ነበር፤ ከአንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ሺዎች መፍረድ አይቻልም። ይህን ቢሉ ተገቢ ሳይንስ ነው። ግን "ተጨማሪ አንጎል እንመልከት" ማለትና "ይህን ጽሑፍ አጥፉ" ማለት ለየቅል ናቸው። ተጨማሪውም ለመምጣት አልቆየም፦ የዌብስተር የቡድን ጓደኛ የነበረው ቴሪ ሎንግ በ2005 ራሱን አጠፋ፤ በአንጎሉ ውስጥ ያው ቋጠሮ ተገኘ። በ2006 አንድሬ ዋተርስ። በ2011 ዴቭ ዱርሰን፣ በ2012 ጁኒየር ሴው፤ ሁለቱም ደረታቸውን ተኩሰው። ዱርሰን አንጎሉ ለምርመራ እንዲሰጥ ተናዞ ነው የሞተው። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የሊጉ ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ላይ በሽታውን አገኙ። ይህ ቁጥር ሲጠቀስ መታረም ያለበት ነገር አለ፦ አንጎል የሚለግሰው ብዙውን ጊዜ ምልክቱን ያየ ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ ከመቶ ተጫዋች 99ኙ ታሟል ማለት አይደለም። ስንቱ እንደታመመ በሕይወት እያሉ ማወቅም አይቻልም፤ ሲቲኢ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ አንጎሉ ተቆርጦ ሲታይ ነው።

ሊጉ በ2009 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ ከሲጋራ ፋብሪካዎች ጋር ተነጻጸረ። የኮሚቴው መሪዎች በዚያው ዓመት ለቀቁ። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ግዛት፣ ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ተማሪ ሐኪም ሳያየው እንዳይመለስ በሕግ ደነገጉ። ይህ ሕግ ነው እህቴን ወደ እኔ ያስደወላት። ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፤ ልጇ ሃይስኩል ገብቶ ፉትቦል ልጫወት ብሎ የሚፈረም ወረቀት አምጥቷል።

"ስለ ጭንቅላት ነው የሚያወራው በሙሉ፤ አንተ ይሄን ነገር ታነባለህ፣ ልፈርም ወይስ ልተወው?" አለችኝ።

"ቦታው ምንድን ነው?" አልኳት።

"ምን ቦታ?"

"የሚጫወትበት።"

ስልኩን ለልጁ ሰጠችው። "ሴንተር" አለኝ በኩራት። ፈረመች አልፈረመች የነሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ነው ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት።

ፍርድ ቤት

ዌብስተር ሲሞት የቀኑ ክርክር አላለቀም ነበር። ፊትዝሲመንስ በቤተሰቡ ስም ቀጠለ። በ2005 ባልቲሞር የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ ፈረደ፤ በዲሴምበር 2006 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። ዳኞቹ የያዙት ነጥብ ቀላል ነው፦ ቦርዱ ራሱ የላከው ሐኪም እንኳ ጉዳቱ ቀድሞ ነው የመጣው ካለ፣ ቦርዱ በምን ማስረጃ ነው ዘግይቷል የሚለው? ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። ሟቹ በመኪና ሲያድር የሚያስፈልገው ገንዘብ እሱ ነበር።

የ1999ኙ ወረቀት ሥራ ግን በዚህ አላበቃም። በ2011 የቀድሞ ተጫዋቾች ሊጉን በጅምላ መክሰስ ሲጀምሩ፣ በኋላም ጋዜጠኞች ሰነዱን አውጥተው ሲያትሙት፣ ጥያቄው ተለወጠ። "ጉዳት አለ ወይ?" የሚለው ቀርቶ "መቼ ነው ያወቃችሁት?" ሆነ። ሊጉ ይህን በምስክር ወንበር ላይ ሆኖ መመለስ አልፈለገም። በ2013 በ765 ሚሊዮን ዶላር ለመታረቅ ተስማማ። ዳኛዋ አኒታ ብሮዲ ገንዘቡ አይበቃም ብለው መለሱት፤ ጣሪያው ተነሥቶ በኤፕሪል 2015 ጸደቀ። ጥፋት ማመን የሚባል ነገር በስምምነቱ ውስጥ የለም። ፉትቦልና ሲቲኢ ይገናኛሉ ብሎ የሊጉ ከፍተኛ ኃላፊ በኮንግረስ ፊት የተናገረው በማርች 2016 ነው፤ የጡረታ ቦርዱ ወረቀት ከተፈረመ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ።

ስቲለርስ ከ1988 ወዲህ 52 ቁጥርን ለማንም አልሰጠም። በይፋ ከአገልግሎት ወጣ አላለም፤ ዝም ብሎ አይሰጥም። በእርቁ ስምምነት ውስጥ ደግሞ አንድ የጊዜ ገደብ አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 በፊት የሞቱ ተጫዋቾች ቤተሰቦች የመክሰሻ ጊዜያቸው እንዳላለፈ ፍርድ ቤት ካላረጋገጠላቸው በስተቀር አይካተቱም። ማይክ ዌብስተር የሞተው በ2002 ነው።